የሎርድ ዳውሰን ሁለት ጽሑፎች፤ የጤና ጣቢያው ውጥንና የንጉሡ የመጨረሻ ሌሊት

በአገራችን በጤና ሙያ የተሠማራ ሁሉ የሕመምተኛውን መንገድ ያውቀዋል። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ለመኖሪያው ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ እዚያ የሚቻለው ሁሉ ይደረግለታል፤ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ የሪፈራል ወረቀት ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይላካል። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ አንድ ወቅት ሰው ተቀምጦ ያሰበው፣ በወረቀት ላይ የነደፈው አይመስልም። ይሁን እንጂ ይህ ደረጃ በደረጃ የተያያዘ አሠራር ለአንድ አገር በሙሉ ታቅዶ በመንግሥት ሰነድ ላይ ከሰፈረባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ በሜይ 1920 ለንደን ውስጥ ታትሞ የወጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰነዱን ያዘጋጀውን ጉባኤ በሊቀመንበርነት የመሩት በርትራንድ ዳውሰን የተባሉ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሲሆኑ በዚያው ዓመት የሎርድነት ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል።

እኚሁ ሐኪም ሌላም ጽሑፍ ትተው አልፈዋል። ይህኛው ለሕትመት የታሰበ አልነበረም። በገዛ እጃቸው የጻፉት አጭር ማስታወሻ ሲሆን፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ጃንዋሪ 20 ቀን 1936 ከእኩለ ሌሊት በፊት እንዴት እንደሞቱ ይናገራል። ማስታወሻው ለ50 ዓመታት ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። የጤና አገልግሎት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የመጀመሪያውን ያነሣሉ፤ የሕክምና ሥነ ምግባር የሚያስተምሩ ሁለተኛውን ያነሣሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ግን ስለ ሰውዬውም ሆነ ስለ ሙያችን የበለጠ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

ዳውሰን በ1864 ከለንደን በስተ ደቡብ በምትገኘው ክሮይደን ተወለዱ። አባታቸው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበሩ፤ ስለዚህ ከመኳንንት ቤተሰብ የተገኙ አልነበሩም። በሴንት ፖል ትምህርት ቤትና በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ የሕክምና ሥልጠናቸውን በለንደን ሆስፒታል አጠናቀቁ። ይህ ሆስፒታል የሚገኘው ኋይትቻፕል በተባለው የምሥራቅ ለንደን ሠፈር ሲሆን፣ በዚያን ዘመን የወደብ ሠራተኞች፣ ስደተኞችና የዕለት ጉርስ ፈላጊዎች ተጨናንቀው የሚኖሩበት አካባቢ ነበር። ዳውሰን በ1896 በዚያው ሆስፒታል ረዳት ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ፤ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜም ከሆስፒታሉ ጋር የነበራቸው ግንኙነት አልተቋረጠም። በ1900 የታወቁት የመርከብ ሠሪ የአልፍሬድ ያሮውን ልጅ አገቡ። በ1907 ደግሞ ከንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሐኪሞች አንዱ ሆነው ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። በአንድ በኩል የኋይትቻፕልን ድኻ፣ በሌላ በኩል የቤተ መንግሥትን ሰው የሚያክሙ ሰው ነበሩ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ፈረንሳይ ዘምተው በአማካሪ ሐኪምነት በሜጀር ጄኔራል ማዕረግ አገለገሉ። በዚያም ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በምሽግ ውስጥ ባሉ ወታደሮች ላይ የታየውን ተላላፊ የወይቦ ሕመም፣ ማለትም ዛሬ ሌፕቶስፓይሮሲስ የምንለውንና በአይጥ ሽንት የሚተላለፈውን በሽታ አጥንተው ጽሑፍ አሳተሙ። ከዚህ የበለጠ በአስተሳሰባቸው ላይ ምልክት የተወው ግን የሠራዊቱ ሕክምና አደረጃጀት ይመስለኛል። ቁስለኛው በመጀመሪያ በጦር ግንባር ባለው የእርዳታ ጣቢያ ይታያል፤ ቀጥሎ ወደ መስክ ሕክምና ክፍል፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ወደሚደረግበት ጣቢያ፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ደጀን ሆስፒታል ይላካል። እያንዳንዱ እርከን ሥራው የታወቀ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ይገናኛል። በሰላሙ ጊዜ በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

የሰላሙ ጊዜ ሁኔታ ምን ይመስል እንደነበረ ጦርነቱ ራሱ አጋለጠው። በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት ለውትድርና ከተመረመሩት 2.4 ሚሊዮን ያህል ወንዶች መካከል ሙሉ ጤናማ ተብለው በአንደኛ ደረጃ የተመደቡት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ1911 የወጣው የመድን ሕግ ለሠራተኛው ሐኪም ቢያዘጋጅለትም ሚስቱንና ልጆቹን አላካተተም፤ የሆስፒታል ሕክምናንም በአጠቃላይ አልሸፈነም። ሆስፒታሎቹ ከፊሎቹ በበጎ አድራጊዎች ስጦታ፣ ከፊሎቹ በድኾች መርጃ ሕግ የሚተዳደሩ ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት አልነበረም። የክትባትና የንጽሕና ሥራ የማዘጋጃ ቤት፣ የሕክምና ሥራ የግል ሐኪም ተብሎ ተለያይቶ ነበር።

በ1919 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሲቋቋም የመጀመሪያው ሚኒስትር ክሪስቶፈር አዲሰን ራሳቸው ሐኪም ነበሩና፣ የወደፊቱ አገልግሎት ምን መምሰል እንዳለበት የሚያማክር ጉባኤ አቋቁመው ዳውሰንን ሊቀመንበር አደረጉ። ጉባኤው በጥቂት ወራት ውስጥ ጊዜያዊ ሪፖርት አቀረበ። የሪፖርቱ መነሻ ሐሳብ መከላከልና ማከም ሊለያዩ አይችሉም፣ ሁለቱም በጠቅላላ ሐኪሙ እጅ ሊገናኙ ይገባል የሚል ነው። ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያ በየአካባቢው እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀርባል። በጣቢያው የአካባቢው ጠቅላላ ሐኪሞች ከነርሶችና ከአዋላጆች ጋር ይሠራሉ፤ የሚያስተኛ አልጋ፣ የማዋለጃ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ የጥርስ ሕክምና፣ የእናቶችና የሕፃናት ክትትል ይኖረዋል። ከዚህ የሚያልፈው ሕመምተኛ በከተማ ወደሚገኘውና ስፔሺያሊስቶች ወዳሉበት የሁለተኛ ደረጃ ጣቢያ ይላካል፤ ይህም በበኩሉ ከማስተማሪያ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ይሆናል። የቤት ለቤት አገልግሎትም አልተዘነጋም። ለአንድ ክልል አንድ የጤና ባለሥልጣን እንዲኖር፣ የሕክምና መዝገብ በወጥነት እንዲያዝ ይመክራል። የጣቢያዎቹ ሕንፃ ንድፍ ሳይቀር ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል፤ የንድፍ ባለሙያ ልጅ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል።

ሰነዱ ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። ሐኪሞች ሁሉ የመንግሥት ደመወዝተኛ ይሁኑ የሚለውን ሐሳብ የጉባኤው አባላት በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ውድቅ አድርገውታል፤ በዚህ ረገድ የሙያ ማኅበሩን ስሜት የጠበቀ ሰነድ ነው። ያም ሆኖ በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የቀደመ ነበር።

የደረሰበት ዕጣ ግን የሚያሳዝን ነው። በ1920 መጨረሻ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ወደቀ፤ አዲሰን በ1921 ከሚኒስቴሩ ተነሡ፤ በ1922 ደግሞ የመንግሥት ወጪ በከፍተኛ ደረጃ ተቀነሰ። የጉባኤው የመጨረሻ ሪፖርት ሳይወጣ ቀረ። ጊዜያዊ ተብሎ የወጣው ሰነድ ጊዜያዊ እንደተባለ በመደርደሪያ ላይ ቆየ። ጥሩ ዕቅድ ተዘጋጅቶለት በጀት ባጣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያገለገለ አንባቢ ስሜቱን ለመገመት አይቸገርም።

በዚያው በ1920 ዳውሰን «የፔን ባሮን ዳውሰን» ተብለው የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆኑ። ፔን በበኪንግሃምሻየር የምትገኝ መንደር ናት። ማዕረጉ በዘር የሚተላለፍ ነበር፤ ለአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ የሚሰጠው የሎርድነት ማዕረግ በስፋት የተጀመረው በ1958 በወጣ ሕግ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ሐኪምን ወደዚያ ምክር ቤት ማስገባት ሲፈለግ የልጅ ልጁንም አብሮ እንደ ማስገባት ነበር። ዳውሰን የነበሯቸው ሦስት ሴቶች ልጆች በመሆናቸውና ማዕረጉ ለወንድ ብቻ የሚወረስ በመሆኑ ከእርሳቸው ጋር ተቀብሯል።

የተሰጣቸውን መድረክ በዝምታ አልያዙትም። በ1921 በበርሚንግሃም በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ቆመው ባልና ሚስት በወሊድ መቆጣጠሪያ ቢጠቀሙ ነውር የለበትም ብለው ተናገሩ። የንጉሡ ሐኪም ይህን ማለታቸው ጋዜጦችን አስቆጣ፤ ከቤተ መንግሥት ይባረሩ የሚል ድምፅም ተሰማ። አልተባረሩም። የአንግሊካን ጳጳሳት በ1930 ጉባኤያቸው ነገሩን በተወሰነ ሁኔታ ሲፈቅዱ ዳውሰን ከተናገሩ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። ድፍረት አልነበራቸውም ሊባል አይችልም፤ በአደባባይ መናገር የሚያስፈራቸው ሰው አልነበሩም። ይህን ልብ ማለት ለኋላው ነገር ይጠቅማል።

በኖቬምበር 1928 ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በጽኑ ታመሙ። የደረት ኢንፌክሽን ነበር፤ ወደ ደም ገብቶ ሕይወታቸውን አሠጋ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በዚያው ከተማ በሴንት ሜሪ ሆስፒታል ሻጋታው ባክቴሪያዎቹን ሲያጠፋ ያዩት ከሁለት ወር በፊት በሴፕቴምበር ነበር፤ ነገር ግን ፔኒሲሊን ወደ ሕመምተኛ አልጋ እስኪደርስ ገና ከአሥር ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። መግል መኖሩ ይጠረጠራል፤ የት እንዳለ ግን ራጁም ሆነ ምርመራው ሊያሳይ አልቻለም። ዲሴምበር 12 ቀን ዳውሰን ራሳቸው መርፌ ይዘው በደረታቸው ላይ እየፈለጉ ቦታውን አገኙት። በዚያው ምሽት ቀዶ ሐኪሙ ሰር ሂዩ ሪግቢ የጎድን አጥንት ቆርጠው መግሉን አፈሰሱ። ንጉሡ ዳኑ። የዳውሰን ስም በመላ አገሪቱ ተሰማ፤ በ1931 የሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሺያንስ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡና እስከ 1937 ቆዩ።

ከሰባት ዓመት በኋላ እነዚያው ሐኪምና እኚያው ሕመምተኛ እንደገና ተገናኙ። የ70 ዓመቱ ንጉሥ ብዙ ያጨሱ የነበሩና የቆየ የሳንባ ቧንቧ ሕመም የነበረባቸው ሰው ነበሩ። በጃንዋሪ 1936 አጋማሽ በሳንድሪንግሃም ቤተ መንግሥት አልጋ ያዙ፤ ልባቸው እየደከመ ሄደ። ጃንዋሪ 20 ቀን ጠዋት የመንግሥት ወረቀት ለመፈረም ሞክረው በብዙ ድካም ጥቂት ጭረት ብቻ ማድረግ ቻሉ። ምሽት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ዳውሰን በእጃቸው በገባ የምግብ ዝርዝር ካርድ ላይ የንጉሡ ሕይወት በሰላም ወደ ፍጻሜው እየተጓዘ መሆኑን የሚገልጽ አጭር መግለጫ ጻፉ። መግለጫው በሬዲዮ ተነገረ፤ ከእንግሊዝ የሕክምና መግለጫዎች ሁሉ በይበልጥ የሚታወስ ሆነ።

ማስታወሻው የሚናገረው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሌሊት 5 ሰዓት ገደማ ዳውሰን የመጨረሻው ደረጃ ገና ብዙ ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ተገነዘቡ። ሕመምተኛው ራሱን አያውቅም፤ ነገር ግን መቆየቱ ለክብሩ የማይስማማ፣ በአልጋው ዙሪያ ያሉትንም የሚያደክም ነው ብለው አሰቡ። ስለዚህ ፍጻሜውን ራሳቸው ለመወሰን ቆረጡ። ነርሷ በመታወካቸው መርፌውን ራሳቸው ይዘው በአንገት ላይ ወዳበጠው ጁጉላር ደም መልስ በመጀመሪያ ሦስት አራተኛ ግሬይን ሞርፊን፣ ጥቂት ቆይተውም አንድ ግሬይን ኮኬይን ሰጡ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ ረጋ። ንጉሡ ለእኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ ሲቀረው አረፉ።

ማስታወሻው ሌላም ምክንያት ይጨምራል። ዜናው በመጀመሪያ በጠዋት ጋዜጦች እንጂ ደረጃቸው ዝቅ ባሉት የማታ ጋዜጦች እንዳይወጣ ሰዓቱ አስፈላጊ ነበር። ዳውሰን ለንደን ለሚገኙት ባለቤታቸው አስቀድመው ደውለው ዘ ታይምስ ጋዜጣ ሕትመቱን እንዲያቆይ እንዲያሳስቡ ነግረዋቸዋል። ይህን ያሠፈሩት ጠላቶቻቸው ሳይሆኑ ራሳቸው ናቸው።

መጠኑን ወደምናውቀው መለኪያ እንመልሰው። ሦስት አራተኛ ግሬይን ሞርፊን 49 ሚሊግራም፣ አንድ ግሬይን ኮኬይን 65 ሚሊግራም ያህል ነው። ዛሬ ሞርፊን ለማያውቅ አዋቂ ሕመምተኛ በደም ሥር ስንጀምር የምንሰጠው ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ውጤቱን እያየን እንጨምራለን። ሳንባቸው የቆየ ሕመም ላለበት፣ ራሳቸውን ለሳቱ የ70 ዓመት ሰው 49 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ በደም መልስ መስጠት ሕመም ማስታገስ አይባልም። ለማስታገሻ ተሰጥቶ ሞትን አፈጠነ እንዳይባል ደግሞ ሕመምተኛው የሚሰማቸው ሥቃይ እንዳልነበረ ማስታወሻው ራሱ ይመሰክራል። ንግሥቲቱና አልጋ ወራሹ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ዕድሜ በሰው ሠራሽ መንገድ እንዲራዘም እንደማይፈልጉ ለሐኪሙ ተናግረዋል። ያለማራዘምና ማሳጠር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱን የንጉሡ ሐኪም ከማንም በላይ ያውቁታል። ሕመምተኛው ራሳቸው የጠየቁት ነገር አልነበረም።

ዓመቱ ሳይገባደድ ጉዳዩ በአደባባይ ተነሣ። በ1935 በተቋቋመ ማኅበር አነሣሽነት፣ በማይድን በሽታ የሚሠቃይ ሰው ራሱ ሲጠይቅ ሐኪም ሞቱን እንዲያፋጥንለት የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ዲሴምበር 1 ቀን 1936 ለሎርዶች ምክር ቤት ቀረበ። ረቂቁ ሕመምተኛው በምስክሮች ፊት እንዲፈርም፣ ጥያቄውንም ለዚሁ የሚሾም ባለሥልጣን እንዲመረምረው ያዛል። ዳውሰን በዚያው ዓመት ወደ ቫይካውንትነት ከፍ ብለው ነበር። ተነሥተው ረቂቁን ተቃወሙ። ሐኪም ዕድሜ ቢያጥርም እንኳ ሥቃይን የማስታገስ ግዴታ እንዳለበት በሙያው ውስጥ በዝግታ ተቀባይነት እያገኘ መጥቷልና ሕግ አያስፈልግም፣ ነገሩ ለሐኪሙ ኅሊና ይተው ነው ያሉት። ረቂቁ በ35 ተቃውሞና በ14 ድጋፍ ወደቀ።

እዚህ ላይ የብዙ ጸሐፊዎች ትችት በግብዝነት ላይ ያተኩራል፤ አሥር ወር ቀደም ብለው ያደረጉትን በምክር ቤት ተቃወሙ ይላሉ። ነገሩን እንዲህ አቅልሎ ማየት የሚበቃ አይመስለኝም። ዳውሰን በሁለቱም ጊዜ አንድ እምነት ነበራቸው፤ ውሳኔው የሐኪሙ ነው የሚል። ረቂቁን የተቃወሙት ሞት መፋጠኑን ጠልተው ሳይሆን የሕመምተኛው ፊርማ፣ ምስክሩና መርማሪው በሐኪሙና በመርፌው መካከል መግባታቸውን ጠልተው ነው። ረቂቁ ሕግ ሆኖ ቢሆን የሳንድሪንግሃሙን ሌሊት አይፈቅድም ነበር፤ ጠያቂ ሕመምተኛ አልነበረምና። የኅሊና ነፃነት ተብሎ የተከበረው ነገር በዚያ ሌሊት ውስጥ የጋዜጣ ሰዓትን ጭምር እንዳስተናገደ ሲታይ፣ ምስክርና መዝገብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሥነ ምግባር መጻሕፍት በተሻለ ያስረዳል። በቀኑ ሥራቸው የሕክምና መዝገብ በወጥነት ይያዝ ብለው የመከሩት ሰው ናቸው። ለመጻፋቸው ግን ሊመሰገኑ ይገባል፤ ባይጽፉት ኖሮ እስከ ዛሬ የምናውቀው የካርዱን መግለጫ ብቻ ነበር።

ዳውሰን በማርች 1945 አረፉ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጁላይ 5 ቀን 1948 ሥራ ሲጀምር በሕይወት አልነበሩም፤ ጤና ጣቢያዎቹም ቢሆኑ በሕጉ ተጠቅሰው ሳለ በተግባር እስኪስፋፉ ብዙ ዓመት ወሰዱ። በ1950 የ1920ው ሪፖርት ለንደን ውስጥ እንደገና ታተመ። በዚያው ዓመት ፍራንሲስ ዋትሰን የጻፉት የዳውሰን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ወጣ፤ ዋትሰን ማስታወሻውን አይተውት ነበር፤ ነገር ግን የሟቹ ባለቤት እንዲገባ ስላልፈለጉ ደራሲውም ተስማምተው ተዉት። በ1964 የፓን አሜሪካ የጤና ድርጅት ሪፖርቱን ለላቲን አሜሪካ አገሮች አሳተመው። በአገራችን በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ለጤና ጣቢያ እንዲሠለጥኑ ሲደረግም፣ መከላከልና ማከም በአንድ ጣራ ሥር የሚለው ሐሳብ ነበር የሚሠራበት። በ1978 በአልማ አታ የታወጀው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት መርሕም ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም።

ማስታወሻው በዲሴምበር 1986 ሂስትሪ ቱዴይ በተባለው መጽሔት በዋትሰን እጅ ይፋ ሆነ። በ1994 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ራምሴይ የተባሉ ሐኪም ድርጊቱን ለሌሎች አመቺነት ሲባል የተፈጸመ ግድያ ሲሉ ነቀፉት። በጁን 2025 ደግሞ የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት፣ ሊሞቱ የተቃረቡ አዋቂዎች ራሳቸው ሲጠይቁ እንዲረዱ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ በ314 ድጋፍና በ291 ተቃውሞ አሳልፎ፣ ዳውሰን ከ89 ዓመት በፊት ቆመው ወደተናገሩበት የሎርዶች ምክር ቤት ላከው።